ማይክል ለምን ሰለቸ፣ ጋሪስ የት ገባ? የአሜሪካው የሕፃናት ስም መፈለጊያ ሲገመገም

በቀጥታ ልግባ። የልጅ ስም ለማውጣት የሚያስብ፣ ወይም እንደኔ ዝም ብሎ የስም ነገር የሚያስገርመው ሰው ካለ፣ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር (የጡረታና የአካል ጉዳት ክፍያ የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠውን የሕፃናት ስም መፈለጊያ ይሞክር። ነፃ ነው። ተመዝገቡ አይልም፣ ኢሜይል አይጠይቅም፣ ማስታወቂያ እየደቀነ አያሰለችም። ስም ትጽፋላችሁ፣ ወንድ ወይ ሴት ብላችሁ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ያ ስም በየዓመቱ ስንተኛ እንደነበረ ዘርዝሮ ያወጣላችኋል። ገጹ ላይ ያለው የየዓመቱ ዝርዝር ወደኋላ እስከ 1880 ድረስ ይወስዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ዳታው የነሱ ነው።)

እኔ የሞከርኩት በወንድ ስሞች ነው። የሴቶቹ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ። የወንዶቹ ግን ችክ ያሉ ናቸው፤ ወላጆች ለወንድ ልጅ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም መስጠት ስለሚወዱ፣ አንዴ ከላይ የወጣ ስም በቀላሉ አይወርድም። ለዚህ ነው ሲወርድ ማየት የሚያጓጓው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መሣሪያው በጣም ጥሩ ነው፣ ሰዉ የሚያየው ግን ደካማውን ገጽ ነው። በየዓመቱ በሜይ ወር አካባቢ መሥሪያ ቤቱ ያለፈውን ዓመት ዝርዝር ሲያወጣ፣ ዜናው ሁሉ «አንደኛ የወጣው ስም» ላይ ይረባረባል። አሥር ስሞች ይለጠፋሉ፣ ሰው ሼር ያደርጋል፣ በቃ። ደረጃ ብቻውን ግን ያታልላል።

አመጣጡን ካወቃችሁ ነገሩ የበለጠ ይጥማል። ማይክል ሻክልፎርድ የሚባል ሰው በዚያው መሥሪያ ቤት አክቹዋሪ ነበር። አክቹዋሪ ማለት ሰው ስንት ዓመት ይኖራል፣ ስንቱ ጡረታ ይወጣል የሚለውን በሒሳብ የሚያሰላ ባለሙያ ነው። ይሄ ማይክል ልጅ ሊወልድ ነው። የራሱ ስም በየቦታው የሞላ ስለነበር፣ ለልጁ የሚያወጣው ስም እንደሱ እንዲሆን አልፈለገም። ታዲያ ምን አደረገ? እጁ ላይ የነበረውን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ (የመለያ ቁጥር ካርድ) ማመልከቻ መዝገብ ከፍቶ የትኞቹ ስሞች እንደበዙ ቆጠረ። በ1997 ውጤቱን አወጣው። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የመሥሪያ ቤቱ መደበኛ ሥራ ሆኖ፣ ዛሬ ከጡረታና ከአካል ጉዳት ክፍያ ገጾች ጎን ለጎን የሕፃናት ስም ገጽ የምናየው። ሰውየው በኋላ የቁማር ሒሳብ በመተንተን ታዋቂ ሆነ። እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

ማይክል በስሙ ቢማረር አይፈረድበትም። መፈለጊያው ላይ «ማይክል» ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣው ሰንጠረዥ አስቂኝ ነው፤ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1 እያለ ይወርዳል። በ1954 አንደኛ ወጣ። ከዚያ እስከ 1998 ድረስ ቦታውን የለቀቀው አንዴ ብቻ ነው፣ በ1960፣ ለዴቪድ። ሲደመር 44 ዓመት አንደኛ። አሁን የምታውቋቸውን ማይክሎች አስቡ። ማይክል ጃክሰን 1958። ማይክል ጆርዳን 1963። ማይክ ታይሰን 1966። ሯጩ ማይክል ጆንሰን 1967። ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ 1985። ሁሉም በዚያ ዘመን ነው የተወለዱት። እነሱ አይደሉም ስሙን ታዋቂ ያደረጉት፤ እነሱ ሲመጡ ስሙ አገሩን ሞልቶ ነበር። ከብዙ ማይክል መሃል ጥቂቱ ታዋቂ ቢሆን ምን ይገርማል?

እዚህ ጋ ነው ደረጃን ትታችሁ ብዛትን ማየት ያለባችሁ። ገጹ ሁለቱንም ይሰጣል፤ የአንድ ዓመት ዝርዝር ስታወጡ ከስሞቹ ጎን ቁጥሩን ወይም ፐርሰንቱን አሳየኝ የሚል ምርጫ አለ። ብዙ ሰው አይነካውም። እናንተ ንኩት።

በ1880 አንደኛው ጆን ነበር። መዝገቡ ውስጥ 9,655 ጆኖች አሉ፣ ይሄ በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት ወንዶች 8 በመቶ አካባቢ ነው። ከ12 ወንድ ልጆች አንዱ ጆን ማለት ነው። ጆን እስከ 1923 ድረስ ከላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሮበርት ከ1924 እስከ 1939፣ ጄምስ ከ1940 እስከ 1952፣ ሮበርት ደግሞ በ1953 ለአንድ ዓመት ብቅ ብሎ፣ ከዚያ ማይክል ገባ። በ1957 ከ90 ሺህ በላይ ሕፃናት ማይክል ተባሉ። በአንድ ዓመት! ከ25 ወንዶች አንዱ ገደማ መሆኑ ነው። ማይክልን ያወረደው ጄኮብ ከ1999 እስከ 2012 ቆየ። ኖዋ ከ2013 እስከ 2016። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ሊያም።

ሊያም በዓመት ስንት ነው? ሃያ ሺህ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ከ90 ወንዶች አንዱ ያህል። «የወሊድ ቁጥር ስለቀነሰ ነው» እንዳትሉ፤ በ1957 የተወለዱት 4.3 ሚሊዮን ነበሩ፣ አሁን በዓመት 3.6 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ቀነሰ፣ ግን ይሄን ያህል አይደለም። የተለወጠው ወላጁ ነው። ድሮ የተለመደ ስም ማለት አስተማማኝ ስም ነበር፤ ልጁ አያፍርበትም፣ መምህሩ አይሳሳትበትም። አሁን ወላጅ ሁሉ ሻክልፎርድ ሆኗል። «ክፍል ውስጥ ሌላ እንዳይኖር» ነው ጸሎቱ። የሚገርመው ደግሞ ይሄንን ዝርዝር ራሱ እያዩ ነው የሚሸሹት፤ አንደኛ የወጣውን አይቶ «ኧረ ይሄማ በዛ» ብሎ የሚያልፍ ወላጅ ብዙ ነው።

ስለዚህ «ሊያም የአሜሪካ ተወዳጅ ስም ሆነ» የሚለውን ዜና ስታነቡ ልብ በሉ። የዛሬው አንደኛ በማይክል ዘመን ቢሆን ከላይኞቹ ስሞች ተርታ ለመድረስ ብዙ ይቀረው ነበር። ልጃቸውን ሊያም ሊሉ ፈልገው «አንደኛ ስለሆነ ይቅርብን» የሚሉ ሰዎች በከንቱ ነው የሚጨነቁት።

ማይክል ራሱ ምን ሆነ? በ2017 ከአሥሩ ወጣ። ከ1943 ጀምሮ ከአሥር ውስጥ ወርዶ አያውቅም ነበር። አሁን በዓመት ከ10 ሺህ በታች ነው። አልሞተም፣ ግን ያ ሁሉ ግርማ የለም።

ለኔ የዚህ መፈለጊያ እውነተኛው ጥቅም የታወቀው ላይ አይደለም። መሃል ላይ ወጥቶ የጠፋ ስም ላይ ነው። እስቲ «ጋሪ» ብላችሁ ሞክሩ። (በፈረስ የሚጎተተውን አይደለም።) ኳስ የምታዩ ሰዎች ስሙን ከእንግሊዞቹ በደንብ ታውቁታላችሁ፦ ጋሪ ሊኒከር፣ ጋሪ ስፒድ፣ ጋሪ ኔቭል፣ ጋሪ ካሂል። የተወለዱበትን ዓመት እዩ፦ 1960፣ 1969፣ 1975፣ 1985። አሁን እስቲ አንድ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ጋሪ የሚባል ተጫዋች ጥሩልኝ። ወፍ የለም ማለት ይቻላል።

በአሜሪካው ሰንጠረዥ ላይ ጋሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንደ መጠሪያ ስም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የቤተሰብ ስም ነበር። ከዚያ 1930ዎቹ ላይ ይነሳል። ዝም ብሎ አይደለም፣ እንደ ሮኬት ነው። በ1950 አሥረኛ ነው፤ እነ ጄምስ፣ ሮበርት፣ ጆን፣ ማይክል፣ ዴቪድ ከሚባሉት የመጽሐፍና የነገሥታት ስሞች ጋር ተሰልፎ። ከዚያ መንሸራተት ይጀምራል፣ በዝግታ፣ ሳይቆም። አሁን ከመጀመሪያዎቹ 500 ውስጥ አታገኙትም።

የተነሳው በአንድ ሰው ነው፣ በፊልም ተዋናዩ ጋሪ ኩፐር። የሚገርመው ግን ሰውየው ጋሪ አልነበረም። በ1901 ሞንታና ሲወለድ የወጣለት ስም ፍራንክ ጄምስ ኩፐር ነው። ሆሊውድ ሲገባ ሌሎች ፍራንክ ኩፐሮች ነበሩ። ናን ኮሊንስ የምትባል ተዋናይ መልማይ «ስምህን ቀይር» አለችው፣ እሷ የመጣችበትን ከተማ ስም ሰጠችው፦ ጋሪ፣ ኢንዲያና። ከተማዋ ራሷ ገና አዲስ ነበረች። በ1906 ዩ.ኤስ. ስቲል የሚባለው የብረት ኩባንያ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ፋብሪካ ሲተክል አብሮ የቆረቆራት ናት፣ ስሟን ያገኘችውም ከኩባንያው ሊቀመንበር ከኤልበርት ጋሪ ነው። እንግዲህ መንገዱን እዩት። የአንድ የብረት ኩባንያ ሊቀመንበር የቤተሰብ ስም ከተማ ሆነ፣ ከተማው የተዋናይ ስም ሆነ፣ ተዋናዩን በሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ያዩት ወጣት ጥንዶች ልጅ ሲወልዱ የልጅ ስም ሆነ። ለዚያውም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች። (በነገራችን ላይ ማይክል ጃክሰን የተወለደው እዚያችው ጋሪ ከተማ ነው። በ1958፣ ማይክል አንደኛ በነበረበት ዓመት።)

ታዲያ ለምን ወደቀ? ጋሪ ኩፐር ቅሌት ውስጥ ገብቶ አይደለም፤ በ1961 ተከብሮ ነው የሞተው፣ ሁለት ጊዜ የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ወስዷል። ስሙን የጣለው ዕድሜ ነው። በ1950 የተወለደው ጋሪ በ1975 እና በ1980 አባት ሆነ። ለሚቀጥለው ትውልድ ጋሪ ማለት የጓደኛዬ አባት፣ የሒሳብ አስተማሪዬ፣ የአባቴ አለቃ ሆነ። ማንም አዲስ የተወለደ ልጁን እያየ የአባቱ አለቃ ትዝ እንዲለው አይፈልግም። ጆንና ጄምስ ከዚህ ያመለጡት በየትውልዱ ስለተሰጡ ነው፤ ሽማግሌም ጎረምሳም ሕፃንም ጆን አለ፣ ስለዚህ ስሙ ዕድሜ የለውም። ጄምስ ለምሳሌ ከ1880 ጀምሮ ከ20ኛ በታች ወርዶ አያውቅም። ጋሪ ግን በአንድ ትውልድ ላይ ተከመረ። ቶሎ የወጣ ስም ቶሎ ያረጃል።

መፈለጊያው ይሄን በደንብ የሚያሳየው የሚመለሱትን ስሞች ስታዩ ነው። ሄንሪ በ1900 አካባቢ ከአሥሩ አንዱ ነበር፣ 1990ዎቹ ላይ ከመቶ በታች ወረደ፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ተመልሶ ከአሥሩ ጋር ገብቷል። ቴዎዶር የሽማግሌ ስም ነበር፤ በ2021 አሥሩ ውስጥ ገባ፣ አሁንም እየወጣ ነው። ኦሊቨር ጭራሽ በሕይወቱ አሥሩን ነክቶ አያውቅም ነበር፣ በ2017 ገባ። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፦ የአባት ስም ይሰለቻል፣ የአያት ስም ያሳቅቃል፣ የቅድመ አያት ስም ግን ያምራል። ስሙን ይዘው የኖሩት ሰዎች አልፈው፣ ሲጠራ የሚታወስ ፊት ሲጠፋ፣ ስሙ እንደ አዲስ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ጋሪ ገና ነው። ብዙዎቹ ጋሪዎች በሕይወት አሉ፣ ፌስቡክ ላይ የዓሣ ማጥመድ ፎቶ ይለጥፋሉ። ዕድሜ ይስጣቸውና ስማቸው ትንሽ ይጠብቅ።

ድንገት የሚፈነዱ ስሞችም አሉ፣ እነሱ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1898 አድሚራል ጆርጅ ዱዊ ማኒላ ባሕረ ሰላጤ ላይ የስፔንን መርከቦች ድል ሲያደርግ «ዱዊ» በዚያው ዓመት እስከ መጀመሪያዎቹ 20 ተተኮሰ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ ጋዜጣ ብቻ ነው። በዘመናችን ደግሞ ኮርትኒ ካርዳሺያን በዲሴምበር 2009 ልጇን ሜሰን ስትለው፣ በዚያ ዓመት 34ኛ የነበረው ስም በ2011 ሁለተኛ ሆነ። ሰዉ ግን «ከካርዳሺያን ነው የወሰድኩት» አይላችሁም። «ደስ የሚል ድምፅ ስላለው» ይላችኋል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። አራት ኮከብ እንጂ አምስት የማልሰጥበት ምክንያት አለኝ።

ትልቁ የአጻጻፍ ነገር ነው። መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ ነው የሚቆጥረው። ካሌብ በሲ ሲጻፍ አንድ ስም ነው፣ በኬ ሲጻፍ ሌላ ስም ነው፣ ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ የየራሳቸው ወንበር አላቸው። ኤይደን የሚለው ስም ደግሞ መጨረሻው ላይ በኢ፣ በኤ፣ መሃሉ ላይ በዋይ እየተጻፈ ስንት ቦታ ተበታትኗል። እናት ልጇን በረንዳ ላይ ሆና ስትጣራ ግን አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ «የልጄ ስም 50ኛ ነው፣ ብርቅ ነው» የሚል አባት ክፍል ውስጥ ሲገባ ሦስት ያገኛል። በዚያ ላይ ጄይደን፣ ብሬይደን፣ ኬይደን፣ ሄይደን ሲጨመር ጥሪው ራሱ ግጥም ይሆናል። 2010 አካባቢ ከተወለዱት የአሜሪካ ወንዶች ሲሶ ያህሉ ስማቸው በኤን ፊደል ነበር የሚያልቀው። የደረጃ ሰንጠረዡ ይሄንን አያሳይም፣ እያንዳንዷን አጻጻፍ ለይቶ ስለሚያይ ፋሽኑ ተበትኖ ይጠፋል።

እንግሊዝ ውስጥ ይሄው ጣጣ የበለጠ ይነካል። እዚያ ዝርዝሩን የሚያወጣው ብሔራዊ የስታትስቲክስ ቢሮው ነው፣ እሱም አጻጻፍን ለየብቻ ነው የሚቆጥረው። በ2023 በእንግሊዝና ዌልስ ሙሐመድ አንደኛ ወጣ ተብሎ ብዙ ተወራ። አንደኛ የወጣው ግን ከአጻጻፎቹ አንዱ ብቻ ነው፤ በኦ የሚጻፉት፣ በኢ የሚያልቁት ሌላ ቦታ ተቀምጠው ነው። አንድ ላይ ቢደመሩ ስሙ አንደኛነቱን የሚያገኘው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። እና «በዚህ ዓመት ድንገት» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከአቆጣጠሩ። አቆጣጠሩ ስህተት ነው አልልም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትኛው ስም ከየትኛው ጋር አንድ ነው ብሎ መፍረድ ከጀመረ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። ግን አንባቢው ይወቀው።

ሁለተኛው የድሮ ዓመቶቹ ነገር ነው። 1880 ይላል፣ ግን የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የወጣው በ1935 ነው፣ ካርድ መሰጠት የጀመረው በ1936 መጨረሻ። ታዲያ በ1880 የተወለደው ጆን እንዴት መዝገብ ውስጥ ገባ? ሃምሳን አልፎ ሥራ ላይ እያለ ካርድ አውጥቶ ነዋ! ከዚያ በፊት የሞተ ሰው መዝገቡ ውስጥ የለም። ካርድ ያላስፈለገውም የለም። የእርሻ ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ደግሞ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ከሥርዓቱ ውጭ ነበሩ፣ ከነሱ ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን እጅግ ብዙ ናቸው። የ1880 ወንዶች መዝገብ 118 ሺህ አካባቢ ብቻ ነው፣ 50 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረው አገር። ስለዚህ የድሮዎቹን ቁጥሮች እንደ ናሙና እዩአቸው፣ እንደ ቆጠራ አይደለም። ገጹ ማብራሪያው ላይ ስለ ድሮዎቹ ዓመቶች ይናገራል፤ ማብራሪያ የሚያነብ ግን ማን አለ?

ሦስተኛው የአንድ ስም ፍለጋው በ1,000 ላይ መቆሙ ነው። ስሙ 1,001ኛ ከሆነ ከዝርዝሩ ውጭ ነው ይላችኋል፣ አለቀ። ግራፍም አይሥልላችሁም፤ የሚሰጣችሁ ዓመትና ቁጥር የተደረደረበት ሰንጠረዥ ነው። የጋሪን አወጣጥና አወራረድ በዓይን ለማየት ቁጥሮቹን ገልብጣችሁ ኤክሴል ላይ መሥራት አለባችሁ።

ግን መፍትሔ አለው፣ እሱም እዚያው ገጽ ላይ ነው የተቀመጠው። ጥሬ ዳታውን ዚፕ አድርገው ለማንም በነፃ ሰጥተዋል። ስታወርዱት በየዓመቱ አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ውስጡ ያለው ስም፣ ኮማ፣ ኤም ወይ ኤፍ (ወንድ ወይ ሴት)፣ ኮማ፣ ቁጥር። ሌላ ምንም የለም፣ ጌጥ የለም። 1,000 ላይ አይቆምም፤ በዓመቱ ቢያንስ ለአምስት ልጆች የወጣ ስም ሁሉ አለ። ከአምስት በታች የሆነውን የሰው ምስጢር ለመጠበቅ ሲሉ አውጥተውታል፣ ይሄ ተገቢ ነው። ፋይሉ ውስጥ ስትቅበዘበዙ ሳቅ የሚያመጣም ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 1990 አካባቢ «ኢንፋንት» የሚባሉ ልጆች ተደርድረው ታያላችሁ። ስም አይደለም፣ ገና ስም ያልወጣለት ሕፃን ማለት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ልጁ እንደተወለደ በቀጥታ ማመልከት የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ፣ ወላጅ ገና እያሰበ ፎርሙ ተሞልቶ ነው። ወንድ ጄኒፈሮችም አሉ፣ የፎርም ምልክት ስህተት። ማንም ሰው ያላጸዳው ዳታ መሆኑ በራሱ ያስተማምነኛል።

ኤክሴል የማይሆንላችሁ ከሆነ ግራፍ የሚሥሉ ሌሎች አሉ። በጣም የታወቀው በ2005 ላውራ ዋተንበርግ ከባለቤቷ ከማርቲን ጋር ያወጣችው ነው፤ ፊደል በጻፋችሁ ቁጥር በዚያ ፊደል የሚጀምሩ ስሞች ሁሉ እንደ ቀለም ሞገድ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። የሚገርም ነው። ዳታው ግን ከዚሁ ከመንግሥት መዝገብ የተወሰደ ነው። ሌሎቹ የስም ድረ ገጾችም ስለ አሜሪካ ሲያወሩ ምንጫቸው በአብዛኛው ይሄው ነው፣ ላዩ ላይ ማስታወቂያና «የዞዲያክ ትርጉም» ይጨምሩበታል። እኔ ለማየት ወደ ግራፉ እሄዳለሁ፣ ለማረጋገጥ ወደ መንግሥት ገጽ እመለሳለሁ።

ልጅ እየጠበቃችሁ አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ አገር አቀፉን ትታችሁ የስቴቱን ክፈቱ። ከ1910 ጀምሮ በየስቴቱ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አገር አቀፉ ማይክልና ጄኮብ ሲል ቴክሳስ ውስጥ አንደኛው ሆሴ ነበር። ልጃችሁ የሚማረው ከአገሩ ሁሉ ልጅ ጋር ሳይሆን ከሰፈሩ ልጅ ጋር ነው፣ ስለዚህ የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው። የስቴቱን ስታወጡም ደረጃውን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ፣ ከዚያ ስሙን በተለያየ አጻጻፍ ደጋግማችሁ ፈልጋችሁ ደምሩት።